ሐረጎ ላይ ወራጅ አለ

ኅዳር 2018 ላይ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ የፈነዳ ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ገባ፣ ከዚያም አልፎ ሕንድ ደረሰ ተባለ። አንዱ ባልደረባዬ "ንፋሱ ወደ እኛ ዞሮ ቢሆን ኖሮስ?" ብሎ ሰጋ። ሌላው "ተው እባክህ፣ ወሎና እሳተ ገሞራ ምን አገናኛቸው!" አለና ሥራውን ቀጠለ። ሥራው ምን መሰላችሁ? ጥቁር ድንጋይ በአካፋ እየዛቀ ሚዛን ላይ መጫን።

ሳቄ መጣ። የሚዝቀው ነገር እኮ ራሱ የረጋ እሳተ ገሞራ ነው።

የምሠራው ኮምቦልቻ ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚፈተሽበት ላብራቶሪ ነው። ኮንትራክተሩ ከካባ፣ ማለትም ድንጋይ ከሚፈለጥበት ቦታ፣ ጠጠር ያስጭንና ናሙናውን ያመጣልናል። እናጥበዋለን፣ እናደርቀዋለን፣ እንነፋዋለን፣ እንመዝነዋለን። በመጨረሻ ሎስ አንጀለስ የምንለው ማሽን ውስጥ ይገባል። ስሙ አማረ እንጂ ነገሩ የሚሽከረከር የብረት በርሜል ነው። 5 ኪሎ ጠጠር ከብረት ኳሶች ጋር ይከተትበትና 500 ዙር ይዞራል። ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። ሲያበቃ ይነፋና ምን ያህሉ እንደደቀቀ ይታያል። ጤነኛ ጥቁር ድንጋይ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው የሚደቀው። የበሰበሰ ወይም ቀዳዳ የበዛበት ከሆነ ግን ወንፊትም አያስፈልገው። ገና በርሜሉ ሳይቆም ድምፁ ይለወጣል፤ መንኳኳቱ ቀርቶ ማጉረምረም ይጀምራል።

እንግዲህ ድንጋይን የማውቀው በኪሎና በመቶኛ ነው። ከተራራው ሳይነሳ፣ በተፈጠረበት ቦታ ቆሞ አይቼው አላውቅም። ባላየውም የእኔ አገር ነው። የአፋሩ ወሬ በረድ ሲል አንድ እሑድ ልውጣ አልኩ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መውጫ ላይ ያለው ተራራ ሐረጎ፣ ከሐረጎ ደሴ፣ ከደሴ ሐይቅ፣ ማታ ቤት። ኤርታሌ ለመሄድ ብር፣ መኪና፣ አጃቢና ፈቃድ ይጠይቃል። ለዚህኛው የሚኒባስ ሂሳብና ጥሩ ጫማ ይበቃል።

ጓደኞቼን ጠየቅኳቸው። "ሐይቅ ከሆነ ለዓሣ እንመጣለን፣ ለድንጋይ ግን እሑዳችንን አናቃጥልም" አሉ። አልፈርድባቸውም። እናቴ ስልኬ ቻርጅ መሙላቱን አጣራችና ጋቢ ልታሸክመኝ ሞከረች። ደሴ ብርድ ነው በሚለው አቋሟ በጋም ክረምትም ጸንታ ኖራለች። ጋቢውን ትቼ ሹራብ ያዝኩ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባሱ ሞላ። ኮምቦልቻ ያለችው 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። በመሃል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ መኪናው ከከተማ ከወጣ በኋላ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ዳገትና መታጠፊያ ነው። የደሴ ሰዎች እኛን ቆለኞች ይሉናል። እኛም በሐምሌ ካፖርታቸው እንቀልዳለን። ከፍታው ሲጨምር ጆሮዬ ድፍን አለ፤ ምራቄን ዋጥ አደረግኩና ጮኽኩ።

"ወራጅ አለ!"

ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝ። ግራና ቀኝ ቤት የሚባል ነገር የለም።

"እዚህ ማን አለሽ?"

"ማንም የለኝም። ድንጋይ ላይ ነው።"

ከኋላ ሳቅ ተነሳ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ግን አልሳቁም። እጄን ያዝ አድርገው በሹክሹክታ "ልጄ፣ ደህና ነሽ? የተጣላሽው ሰው አለ?" አሉኝ።

"ኧረ ደህና ነኝ እማማ። ሥራዬ ነው።"

"እንግዲያውስ አላህ ይጠብቅሽ" ብለው ለቀቁኝ።

"ሥራዬ ነው" ያልኩት ሳላስበው ነበር። ቀኑን ሙሉ ግን ብዙ በር ከፈተልኝ። ሴት ልጅ ብቻዋን፣ ለገዛ ደስታዋ፣ ተራራ ልታይ ወጣች ብትሉት ሰው አይዋጥለትም። ሥራ ካላችሁት ውሃም ያቀብላችኋል።

መንገዱ ተራራውን ቆርጦ ባለፈበት ቦታ ውስጡ ፊት ለፊት ይታያል። ከታች ጥቁር። ከዚያ ቀላ ያለ። ከዚያ ስስ ቀይ መስመር። ከዚያ እንደገና ጥቁር። ቀና ባላችሁ ቁጥር ይህ ነገር ይደጋገማል። እያንዳንዱ ንብርብር በአንድ ወቅት ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ፣ ላቫ ነው።

እጄ የሚደርስበትን አንዱን ንብርብር ከታች ወደ ላይ ዳሰስኩት። ግርጌው ላይ ትንንሽ ቀዳዳ አለ። መሃሉ ድፍን ነው፤ በሌላ ድንጋይ መታ ሲያደርጉት ይጮኻል። አናቱ ደግሞ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ቀልቷል። ላቫ ሲፈስ በውስጡ የታመቀ ጋዝ አለ። ጋዙ ወደ ላይ ይወጣል። ነገር ግን ላይኛው ገጽ አየር አግኝቶት ቶሎ ስለሚረጋ መውጫ አጥቶ እዚያው ይታፈናል። ያ ሁሉ ቀዳዳ ጋዙ የተቀመጠበት ቦታ ነው። መሃሉ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ጥቅጥቅ ብሎ ይረጋል። እኛ ጋ በርሜል ገብቶ የሚያልፈው ይኸው መሃሉ ነው። የሚወድቀው አናቱ።

እዚያ ቆሜ ስንት ጭቅጭቅ ትዝ አለኝ መሰላችሁ። "ከአንድ ካባ ነው ያመጣነው! ባለፈው አልፎ ዛሬ እንዴት ይወድቃል?" ብሎ የማይጮህብን ኮንትራክተር የለም። እውነቱን ነው፣ ካባው አንድ ነው። ኤክስካቫተሩ ግን ከአንዱ ንብርብር መሃል ተነስቶ አናቱ ላይ ደርሷል። አንድ እርምጃ ከፍ ሲል ድንጋዩ ሌላ ነው። ከእንግዲህ ወረቀት ከመስጠቴ በፊት ከየትኛው ከፍታ እንዳወጡት ልጠይቃቸው ነው።

ከሁሉ በላይ ያቆየችኝ ግን ቀይዋ መስመር ናት። በጥፍሬ ስጭራት ትፈረፈራለች። አፈር ናት። አንዱ ላቫ ፈስሶ ከረጋ በኋላ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ላዩ አፈር ሆነ። በውስጡ ያለው ብረት ዝጎ ቀላ። ከዚያ ቀጣዩ ላቫ መጣና ላዩ ላይ ተኝቶ ጠበሰው። ስለዚህ በሁለት ጥቁሮች መሃል ያለች ቀይ መስመር እሳቱ ያረፈበት ዘመን ናት። ከላይዋ የፈሰሰው ላቫ ስንት ሜትር እንደሆነ በዓይን ይገመታል። እሷ ግን አንድ ስንዝር ሆና ከእሱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይዛለች፤ ላቫ ፈጥኖ ይፈስሳል፣ አፈር ግን አይቸኩልም።

ይህ ሁሉ የሆነው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ያኔ አንድ ጫፉ የሾለ ተራራ አፉን ከፍቶ ተፋው ማለት አይደለም። መሬቱ በረጃጅም ስንጥቆች ተከፈተና ላቫው ጎርፍ ሆኖ አገሩን ሸፈነ። አጥኚዎቹ አብዛኛው በ1 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ውስጥ ፈስሶ አልቋል ይላሉ። በድንጋይ አቆጣጠር ይህ ጥድፊያ ነው። በአንዳንድ ቦታ የንብርብሩ ውፍረት እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ወሎ፣ ጎንደር፣ ጎጃም፣ ሸዋ፤ ደጋው በአብዛኛው ከዚህ የተሠራ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉትም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ለዚያውም ለስላሳውና ቀዳዳማው ዓይነት። ለአስፋልት ብናስገባው የምንጥለው ማለት ነው። ለመሮ የሚመቸውና ለክሬሸር የሚመቸው አንድ አይደለም።

ድንጋዩ ላይ ተለጥፌ ሳለሁ አንድ ሞተረኛ ቆመ።

"እህቴ፣ ኦፓል ነው?"

"አይደለም ወንድሜ፣ ተራ ድንጋይ ነው።"

አላመነኝም። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና እሱም ማየት ጀመረ። አይፈረድበትም። በእኛ አገር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ የሚያይ ሰው ኦፓል ፈላጊ ነው። ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ ገደል ለገደል ተቆፍሮ የሚወጣው ኦፓል የስንቱን ቤት እንደሠራ፣ የስንቱን ልጅ ደግሞ ዋሻ ተደርምሶበት እንዳስቀረ ወሎዬ ያውቃል። እሱም የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው። በላቫው ንብርብሮች መሃል የእሳተ ገሞራ አመድ ወርዶ የጠጠረበት ስስ ድርብርብ አለ። ኦፓሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ውሃ በአመዱ ውስጥ ሲሰርግ ሲሊካ የሚባለውን ማዕድን አሟሙቶ ይወስዳል፣ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ያስቀምጠዋል። ይህን ለሞተረኛው ስነግረው "ታዲያ እዚህም ሊኖር ይችላላ!" አለ። ስልክ ቁጥር እንዳይጠይቀኝ ፈራሁ እንጂ ጥያቄው ጥሩ ነበር። ሐረጎ ላይ የማየው ግን ላቫ እንጂ አመድ አይደለም አልኩት። አንድ ጠጠር በኪሱ ይዞ ሄደ።

እኔም ያዝኩ። ከመሃሉ አንድ፣ ከአናቱ አንድ። የአናቱ ቀዳዳዎች ግማሹ በነጭ ነገር ተሞልቷል። ነጩ እንደ ስኳር ያበራል፣ በጥፍር አይነሳም። ለምሳ ሎሚ ስለማገኝ አንድ ነገር ልሞክርበት አሰብኩ። ወደ መንገዱ ስመለስ ደግሞ የበሰበሱ ክብ ክብ ድንጋዮች አፈር ውስጥ ተቀብረው አየሁ። አንዱን በእግሬ ገፋ ሳደርገው ላዩ ሽፋን በሽፋን ሆኖ ተላጠ። መሃሉ ላይ ጡጫ የምታህል ደህና ጥቁር ድንጋይ ቀርታለች። ውሃ ከየአቅጣጫው እየበላው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ማዕዘኑን ቀድሞ ስለሚጨርሰው ነው ክብ የሚሆነው።

ደሴን በዝርዝር አልጽፍም። ፒያሳ ወረድኩ፣ ፉል በላሁ፣ ሹራቤን ለበስኩ። እናቴ ልክ ነበረች። የጦሳ ተራራ ከላይ ቁልቁል ያያል። ፉል ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሳየው በገደሉ ፊት ላይ ያው ንብርብር፣ ያው አግድም መስመር አለ። ደሴ የተወለዱ ጓደኞቼ ጦሳን ዕድሜ ልካቸውን ያዩታል። መስመሮቹን ልብ ብለው እንደሆነ ብጠይቃቸው አንዷ "የቱን መስመር?" ብላ መለሰችልኝ።

ከመናኸሪያ የሐይቅ ሚኒባስ ያዝኩ። ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ጢጣን አልፎ ትንሽ ይሄድና መንገዱ መውረድ ይጀምራል። ከዚያ በስተቀኝ ሐይቁ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ያየሁት ልጅ ሆኜ ነበር፤ ያኔ ያየሁት ሰማያዊ ውሃ ነው። አሁን ግን ዓይኔ ውሃው ላይ አልቀረም። በዙሪያው ያለው ተራራ ላይ ነበር። ይህ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ጉድጓዱን ማን ቆፈረው?

ማንም አልቆፈረውም፤ መሬቱ ነው የሰመጠው። አረቢያ ከአፍሪካ እየተላቀቀች ስትሄድ አፋር ተለጠጠ፣ ሳሳ። የደጋው ምሥራቃዊ ጠርዝም መቆም አቅቶት ተሰነጣጠቀ። በስንጥቆቹ መካከል ያለው መሬት ወደ ታች ገባና ከደቡብ ወደ ሰሜን የተደረደሩ ጠባብ ሸለቆዎች ተፈጠሩ። የእኛ የቦርከና ሸለቆ አንዱ ነው፤ ኮምቦልቻ ያለችው እሱ ውስጥ ነው። ሐይቅ አንዱ ነው። ወደ ሰሜን ደግሞ ራያ ቆቦ አለ። ጠዋት ሐረጎ ላይ ጆሮዬን የደፈነው ያ ሁሉ ዳገት የዚህ ስንጥቅ ግድግዳ ነው።

ነገሩ አልቆ የተዘጋ ታሪክም አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ የምትባለውን ከተማ አፈራርሷታል። መስከረም 1998 ላይ ደግሞ አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር መሬቱ በሳምንታት ውስጥ ተከፈተ፤ በሰፊው ቦታ እስከ 8 ሜትር። ስንጥቁን የሞላው ከሥር የመጣ ቅልጥ ድንጋይ ነው። ባልደረባዬ "ምን አገናኛቸው" ሲል ይህንን ነው የረሳው። ኮምቦልቻና አፋር በአንድ ስንጥቅ ሁለት ጫፍ ላይ ነን።

ሐይቅ ከተማ ስደርስ ባጃጅ ያዝኩና እስጢፋኖስ አልኩት። ልጁ በመስታወቱ አየኝ። "እህት፣ ሴት እንደማይገባ ታውቂያለሽ አይደል?" አለ። አውቃለሁ። ገዳሙ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ ያሠሩት የዚያው ዘመን አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ የተቀመጠበት ቦታ ነው። መጽሐፉን አባቴ አይቶታል፣ እኔ አላየውም። በእኛ ቤት ጁምዓም እሑድም ስለሚከበር ሕግ ማክበር ይለመዳል። ትንሽ ቅር አላለኝም ብል ግን ውሸት ነው። ባጃጁ ከበሩ ራቅ ብሎ አወረደኝና ገዳሙ ወዳለበት ሳይሆን ወደ ዳርቻው ታጠፍኩ።

ዳርቻው አንድ ዓይነት አይደለም። ሜዳ በሆነው በኩል ፊላ በቅሎበታል፣ ከብት ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል። ኮረብታው ወደ ውሃው በሚገባበት በኩል ግን ጥቁር ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ተንዶ ተንዶ ውሃው ውስጥ ገብቷል። ማዕበሉ ትንሽ ነው፤ በድንጋዮቹ መሃል ገብቶ እየተንቦጫረቀ ይወጣል። ውሃው ከዳር ትንሽ ፈቀቅ ሲል ወዲያው ይጠቁራል። ሐይቁ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ጥልቀቱ 80 ሜትር ያልፋል። ቁልቁለቱ ውሃ ውስጥም ይቀጥላል ማለት ነው።

አንድ ትልቅ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ሰላም አልኳቸው።

"ብቻሽን ነሽ?"

"አዎ ጋሼ። ሥራዬ ነው።"

"የዓሣ ሀብት ነሽ?"

"የድንጋይ።"

"እሱማ ሞልቷል፣ ውሰጂ" አሉና ሳቁ። ከዚያ መረቡን ሳይለቁ ያወሩኝ ጀመር። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ድሮ ሐይቁ ውስጥ አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው አምጥተው የጨመሩት፤ እሳቸው ሲጨመር ልጅ ነበሩ። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው ወንዝ ድሮ ይሞላ ነበር፣ አሁን ግን ከላይ ለመስኖ ስለሚጠለፍ ይመነምናል አሉ። ከዚህ ደግሞ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ውሃ በፀሐይ ይነሳል። ዝናብ ሲያንስ ዳርቻው ይሸሻል። "ያን ነጩን አየሽው? ውሃው እዚያ ነበር" ብለው ከራሴ ከፍ ያለ ድንጋይ አሳዩኝ።

ድንጋዮቹ ላይ ነጭ ቅርፊት አለ። ከውሃው በላይ በቀጥታ መስመር ተሰምሯል። ሩቅ ሆኖ ላየው የወፍ ኩስ ይመስላል። ቀርቤ ስነካው ሻካራ ነው፣ ድንጋዩ ላይ ተጣብቋል።

ሎሚ አላቸው ወይ አልኳቸው። የዓሣ ሰው ሎሚ አያጣም። ግማሽ ሰጡኝ። መጀመሪያ ከሐረጎ ያመጣሁትን ቀዳዳማ ድንጋይ አወጣሁና ነጩ ላይ ጠብ አደረግኩበት። ምንም። ሎሚው ዝም ብሎ ወረደ። ቀጥሎ የሐይቁ ቅርፊት ላይ ጠብ አደረግኩ። ትንሽ ቆይቶ ጥቃቅን አረፋ ተነሳ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ይሰማል። ሰውየው መረባቸውን አስቀምጠው መጡ። "ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት።

የሚንጨጨው ኖራ ነው። ሐይቁ መውጫ ስለሌለው ወንዞቹ ከተራራው አሟሙተው ያመጡት ማዕድን አብሮ ይከማቻል። ውሃው ሲተን ኖራው ድንጋዩ ላይ ይቀራል። ሎሚ ኖራን ሲያገኝ ጋዝ ይወጣል፣ አረፋው እሱ ነው። የሐረጎው ነጭ ግን ሌላ ነው። ላቫው ከረጋ በኋላ ሙቅ ውሃ በቀዳዳዎቹ እየተመላለሰ ያስቀመጠው ሲሊካ ያለበት ማዕድን ነው፣ ሎሚ አይደፍረውም። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱንም ያስቀመጠው ውሃ ነው። በመካከላቸው ግን ሚሊዮኖች ዓመታት አሉ። ላብራቶሪ ውስጥ ለዚህ የሚሆን አሲድ በጠርሙስ አለን። የሎሚው ግን ይበልጥ ደስ አለኝ። ጋሼ ግማሿን ሎሚ ተቀብለውኝ ራሳቸው ሌላ ድንጋይ ላይ ሲሞክሩ ነበር ያየኋቸው።

ቆሮሶ አስጠበስኩ። በሚጥሚጣና በዳጣ፣ እንጀራው ትኩስ። ስለምግቡ ሌላ የምለው የለኝም፣ ዝም ብዬ በላሁ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች ማንን እንደምጠብቅ ደጋግመው ጠየቁኝ። ከፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ባዶ መሆኑ ከእኔ ይልቅ እነሱን አስጨነቃቸው።

ከምሳ በኋላ አባቴ ደወለ። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ሚሌ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ እያለ ነው ልጅነታችንን ያሳለፈው። ግንቦት 1990 ላይ ጦርነቱ ሲነሳ መስመሩ ተዘጋ፣ መኪናውም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ስለ አሰብ ሲያወራ ሁልጊዜ የሚለው ነገር አለ። "መሬቱ ጥቁር ነው፣ ጥቁር፣ ጥቁር፤ ጥቁሩ ሲያልቅ ባሕሩ ይጀምራል።" ልጅ ሆኜ አስፋልት ይመስለኝ ነበር። አሁን አውቃለሁ፤ አሰብ አካባቢ ያለው ሜዳ የእሳተ ገሞራ ሜዳ ነው፣ ላቫው እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። የእኛ ድንጋይ ልጅ ዘመድ ነው፣ ከዚህ ከሐረጎው በብዙ ሚሊዮን ዓመት ያነሰ።

"አባዬ፣ አንተ የምትለውን አየሁት" አልኩት። "ጥቁር ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሲገባ። ሐይቅ ዳር ነኝ።"

"እሱ ሐይቅ ነው። ማዶው ይታይሻል?"

"ይታየኛል።"

"እንግዲያው ባሕር አይደለም" አለና የመመለሻ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ አስጠንቅቆ ዘጋው።

ስለ መመለሻው እውነቱን ነው። እሑድ ከሰዓት ከሐይቅ ወደ ደሴ የሚመጣው መኪና ሞልቶ ነው የሚያልፈው፤ 9 ሰዓት ላይ መንገድ ዳር መቆም ይሻላል። ከደሴ ኮምቦልቻ ግን እስኪመሽ አይጠፋም። ልትሄዱ ካሰባችሁ ጠዋት መንገዱ ሰላም መሆኑን ሾፌሮችን ጠይቁ፣ ከሰው ሁሉ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሐረጎ ላይ የምትወርዱ ከሆነ መታጠፊያው ላይ አትቁሙ። የጭነት መኪና ቁልቁል ሲመጣ ለድንጋይ አፍቃሪ ብሎ ፍሬን አይዝም። ወቅቱን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ጥር ጥሩ ነው። በክረምት ጭጋጉ ምንም አያሳይም፣ ናዳም አለ።

ማታ ቤት ስገባ ድንጋዮቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። እናቴ ከጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አነሳችባቸው። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አነሳቸው። የመሃሉን በእጁ መዘነና "ይቺ ታኮ ትሆናለች" አለ። ቀዳዳማውን ወዲያው አስቀመጠው። "ይቺ ዳገት ላይ ትከዳሻለች። ጎማው ሲጫናት ትፈረካከሳለች። እኛ ከመንገድ ዳር ታኮ ስንመርጥ ቀዳዳ ያለውን አናነሳም ነበር።" ማንም ወንፊት አላሳየውም። ስለ ንብርብሩ፣ ስለ ጋዙ፣ ስለ ቀይዋ መስመር ነገርኩት። እየሰማ ድንጋዩን ያገላብጣል። በመጨረሻ የጠየቀኝ ስለ ሐረጎ ሳይሆን አርዲቦ ሄጄ እንደሆነ ነው። ገና ነኝ። ከሐይቅ በላይ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ በእግር ዳገት አለው።

እሱም ቢሆን ባሕር እንዳልሆነ ደግሞ አስታወሰኝና አብሬሽ እመጣለሁ አለ። መኪና ከተገኘ፣ ሾፌሩም እሱ ከሆነ።